አንዲት የተመለሰች መኪና

የአው ሙሜን ማረፍ የሰማሁት ሐረር፣ ፈረስ መጋላ፣ የታክሲ ተራ ይዤ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር በመስኮቴ አንገቱን አስግጎ «ያ ሸዋ በር ዘይት የሚቀይሩት ሽማግሌ አረፉ አሉ፤ አንተ ታውቃቸው የለም እንዴ?» አለኝ። እኔን አው ሙሜን ታውቃቸዋለህ ብሎ መጠየቅ! መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ግን መሪው ላይ ተደፍቼ ለማንም ሳላሳይ አሳለፍኩት። ሁለት ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው መኪናው እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። «እናቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ አልሠራም» ብዬ አወረድኳቸው። አንደኛዋ ስትወርድ ስትሰድበኝ ሰምቻለሁ። እውነቷን ነው።

«አው» ሐረሪዎች ለታላቅ ሰው የሚሰጡት የአክብሮት መጠሪያ ነው። እኔ ከጀጎል ግንብ ውጭ ተወልጄ ያደግሁ የክርስቲያን ልጅ ብሆንም ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። አጭር፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ ድምፅ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ሥራቸው የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት መቀየር ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ዘይት ውስጥ ሲያቦኩ እየዋሉ ራሳቸው ላይ የሚደፏት ነጭ ኮፍያ አንድ ነጥብ እንኳ አይነካትም። እኔ ያን ኮፍያ ሳይ ይነደኝ ነበር። ጎማ ቀይሬ ስነሳ ጆሮዬ ሳይቀር ቅባት ይሆናል፤ እሳቸው ከመኪና ሥር ወጥተው መስጊድ ይገባሉ።

ከሸዋ በር ወጣ ብላ፣ በድንጋይ አጥር የተከበበች፣ መኪና የሚቆምበት አንድ ጉድጓድ ያላት ግቢ ነበረቻቸው። የሞተር ዘይት ቀይሩልኝ ያላቸውን ሰው በጨዋ ደንብ ወደ ጎረቤት ይልኩታል። «ሞተር የሚያየው ሰው ሞልቷል» ይላሉ። «ካምቢዮና ዲፈረንሻል ግን ጠያቂ የላቸውም። ዓመት ከዓመት እዚያ ታች ጨለማ ውስጥ ይፈጋሉ፤ ሰው እስኪጮሁ ድረስ አያስታውሳቸውም። ስለዚህ እኔ ልጠይቃቸው።» የታመመ ዘመድ የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርዱ «ቢስሚላህ» ብለው የዲፈረንሻሉን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል።

ቀዝቃዛ መኪና አይቀበሉም። «እስከ ሐማሬሳ ነድተህ ና፤ ዘይቱ ይሙቅ፣ ቆሻሻው ከታች ይነሳ» ብለው ይመልሱሃል። ሞቆ የወጣውን ዘይት በሻይ ብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ ያነሱታል፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣታቸው መካከል ያሹታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። «ፍሪሲዮኑን እስከ ጥግ ሳትረግጥ ማርሽ ታስገባለህ።» «ይህችን መኪና ውሃ ውስጥ አግብተሃታል።» «ሰሞኑን ሌላ ሰው ነድቷታል፤ አንተ እንዲህ አትነዳም።» አንድም ጊዜ ተሳስተው አላየሁም። እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ ስጠብቅ የሚሰማኝን ፍርሃት ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ንስሐ አባቴ እኔ የነገርኳቸውን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ሁለት ነገር ነበራቸው፤ ሁለቱንም ሐረር ውስጥ መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንደኛው፣ ወላሂ አይሉም። እኛ አገር ሰው ጨው ሲገዛም ወላሂ ይላል፤ እሳቸው ግን ደንበኛው ቢወተውታቸውም «ዘይት በወላሂ አይታይም፣ በዓይን ነው የሚታይ፤ ና እይ» ብለው ብርጭቆውን ይሰጡታል። ሁለተኛው፣ ዘይቱ የሚሞላበትን ቡሎን ሳይከፍቱ የሚፈስበትን ቡሎን አይነኩም። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሲሠሩ የሙሽራ መኪና መጥቶላቸው፣ ቸኩለው የካምቢዮውን ዘይት መጀመሪያ አፈሰሱት። ሊሞሉ ሲሉ የላይኛው ቡሎን ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ በቁልፍ ቢሉት፣ በመዶሻ ቢሉት እምቢ አለ። ዘይት በሌለው ካምቢዮ መኪና አይነዳም። ሙሽራው በእግሩ ሄደ። ይህን ሲያወሩ ከአርባ ዓመት በኋላም ፊታቸው ይቀላ ነበር። «ያ ልጅ በኔ ጦስ አዲስ ጫማውን አቧራ ለአቧራ ጎተተ» ይላሉ። «ወሪያ፣ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የሚሞላበትን ክፈት። መሙላት የማትችለውን አታፍስስ።»

ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው እጅ የወጣ መኪና ተመልሶ መጥቶባቸው አያውቅም ነበር። ሾፌሮች ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ የእኛም ኩራት ነበር። «ነበር» ያልኩት በእኔ ምክንያት ነው።

ያኔም አሁንም የምነዳት መኪና የእትዬ አስካለ ናት። ባላቸው ሲሞቱ የተውላቸው ያቺ ብቻ ነበረች። ሰማያዊ፣ ክብ መብራት ያላት አሮጌ የፈረንሳይ መኪና፤ ስሟን ባልጠራም ሐረርን የረገጠ ሰው ያውቃታል። እትዬ አስካለ ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ሕግ ሰጥተውኛል፦ ሳይነገራቸው ከከተማ አትወጣም። ከእኔ በፊት የነበረውን ሾፌር በዚሁ ነገር ቁልፉን ተቀብለው በዚያው ቀን አሰናብተውታል። ምላሳቸው ስለታም፣ ቃላቸው አንድ ነው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ሚስቴ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ባቢሌ ሰርግ አለብኝ፣ አጃቢ አድርስልኝ አለኝ። እትዬ አስካለን ብጠይቅ እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠየቅሁም። ስንመለስ ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ወርጄ ባይ የዲፈረንሻሉ ቡሎን ድንጋይ መትቶት ላልቶ ሲያንጠባጥብ መጥቷል፤ አጠበቅሁት። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አዘነልኝና የራሱን የዘይት ጀሪካን አቀበለኝ። ክዳኑን ስከፍት የድኝ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አው ሙሜ ስንት ጊዜ ነግረውኛል። የሌላው መኪና ዲፈረንሻል ጥርሱ ሁሉ ብረት ነው፤ የዚህችኛዋ ትልቁ ጥርስ ነሐስ ነው፤ ድኝ የሚሸተው የጭነት መኪና ዘይት ደግሞ ነሐስ ይበላል። ለእሷ የሚሆነውን ዘይት ለብቻው በጠርሙስ ያስቀምጡላት ነበር። እኔ ግን ሰርገኛው ከኋላ እየጮኸ፣ ፀሐዩ አናቴን እየጠበሰኝ፣ ሞላሁት። ከተማ ስገባ ወዲያው አስቀይረዋለሁ አልኩ። ከተማ ስገባ ደግሞ አው ሙሜ አሽትተው «የት ሄደህ ነው?» የሚሉኝ ታየኝ። ነገ አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። ወር አለፈው።

ከዚያ መኪናዋ ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ዳገት ላይ ብቻ፤ በኋላ ሜዳውም ላይ። እትዬ አስካለ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳቸው ሰሙት። «ዘይቱን ማነው የቀየረው?» አሉ። «አው ሙሜ» አልኩ። እውነት ነው፤ ሰርጉ ሳይመጣ እሳቸው ቀይረውት ነበር። «ንዳ ወደሳቸው» አሉኝ።

አው ሙሜ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የላይኛውን ቡሎን ከፈቱ፣ ከዚያ የታችኛውን። ዘይቱ ሲወርድ ወርቅ የተፈጨበት ይመስል ነበር። ነሐሱ ነው። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሱት፣ አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ምንድነው ያገኛት?» አሉ እትዬ አስካለ ከላይ ሆነው።

አው ሙሜ ብርጭቆውን ዝቅ አደረጉ። «የማይሆን ዘይት ነው የገባባት።»

«ማን አስገባው? እርስዎ አይደሉም የቀየሩት?»

«ጥፋቱን እኔ ላይ አድርጉት፣ እትዬ አስካለ። እኔ አድናታለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ዘይት የቀየሩ ሰው? ዓይንዎ ደክሟል ማለት ነው? እስቲ ወላሂ ይበሉ!»

«እኔ ወላሂ ብዬ አላውቅም» አሉ በቀስታ። ብርጭቆውን ግን ያን ቀን ለማንም አላሳዩም። ዘይቱን መሬት ላይ ደፍተው አፈር አለበሱት።

እዚያው ግቢያቸው ጥግ ላይ የቆመች፣ ለራሳቸው ሊያስነሷት የሚመኟት የእኛዋ ዓይነት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። የእሷን ነሐስ ጥርስ አውጥተው ለእኛዋ ገጠሙላት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። የራሳቸው መኪና ከዚያ በኋላ አልተነሳችም፤ ዶሮ ይፈለፍልባት ጀመር።

በሳምንቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠብቄ ሄድኩ። «አው ሙሜ፣ ለምን?» አልኳቸው። እጃቸውን በአሸዋና በሳሙና እያሹ ነበር።

«ወሪያ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? መጀመሪያ የሚሞላበት ነው የሚከፈት። ያን ቀን አንተን ባፈስስህ ኖሮ በምን እሞላህ ነበር? ቁልፉን ይቀበሉሃል። ቤትህ የወር ልጅ አለች። ባዶ መኪና ጉድጓድ ላይ ጥዬ መሄድ አልወድም።»

«እርስዎስ? ስምዎስ?»

«እኔ ሙሉ ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ትንሽ ብጎድል አልጮህም።» እጃቸውን አለቀለቁና ጨመሩ፦ «አንተ ሲሞላልህ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ኢንሻአላህ።»

እነግራቸዋለሁ አልኩ። አልኩ እንጂ! ልጄ ጥርስ አወጣች፣ ልጄ ተማሪ ቤት ገባች፣ ልጄ አሁን ከእኔ የተሻለ ታነባለች፤ እኔ ገና አልሞላልኝም ነበር።

እትዬ አስካለ ግን አንድ ቀን አልዘገዩም። «አው ሙሜ አርጅተዋል፤ መኪናዬን ገደሏት» እያሉ ከሸዋ በር እስከ ጊደር መጋላ አዳረሱት። እኔው ነኝ እየነዳሁ ያዳረስኳቸው። ሾፌሩ ሁሉ ቀስ በቀስ መኪና በማሽን ወደሚነሳበት አዲስ ጋራዥ ሄደ። ባጃጁ በዝቶ የእኛ ዓይነት መኪኖች እያለቁ ስለነበር ሁሉም በእኔ ነው አልልም። ግን ያቺ ግቢ ጠዋት ጠዋት አምስት ስድስት መኪና ይሰለፍባት የነበረች፣ በኋላ አው ሙሜ ብቻቸውን በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚውሉባት ሆነች። አዲስ ሰው መጥቶ «ሥራዎ አስተማማኝ ነው?» ሲላቸው «አንዲት መኪና ተመልሳብኛለች» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንኳ ቢሆን ይሉታል፤ ወደ እኔ ዞር ብለው ግን አያዩም። ምነው በሰደቡኝ እያልኩ እሄዳለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሻሂ ልጋብዝዎ ብዬ እንኳ መግባት አቅቶኝ በግቢያቸው ደጃፍ ጡሩንባ ነፍቼ ብቻ ነው የማልፈው። እጃቸውን ያነሱልኛል። አሁን ያ እጅ ነው ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ።

በቀብሩ ማግሥት አቦከር ሠፈር ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሜካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ የመስጊድ ጎረቤቱ። ሸዋ በር መለዋወጫ የሚሸጡት ጓደኛቸው ሐጂ ዩኒስ ከዱዓው በኋላ ስለሳቸው ተናገሩ። «በአርባ ዓመት ሥራ ወደ ሙሜ የተመለሰች መኪና አንዲት ብቻ ናት» አሉ። «አንዲት! እሱም ሰው ነውና ይሳሳታል፤ አላህ ይርሐመው።» ድንኳኑ «አሚን» አለ። እኔም አሚን አልኩ። አፌ ውስጥ ያለው ቃል አፌ ውስጥ እንዳለ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ሞተውም ጥፋቴን አሸከምኳቸው።

በነጋታው ጠዋት እትዬ አስካለን በረንዳቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። ባቢሌን፣ ሰርጉን፣ ጀሪካኑን፣ ሽታውን፣ ብርጭቆውን። ትሪውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ሰሙኝ። ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ሰጠኋቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የፈራሁት ያ ነበር። ሲመጣ ደግሞ የጠበቅሁትን ያህል አልከበደኝም። ወደ ቤት ገቡ። ልሂድ ወይስ ልቆይ እያልኩ ሳመነታ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውዬውን ስም ሳጠፋ ዝም ብለህ አዳመጥከኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ለማን ለማን እንደነገርኩ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ምላሴ እንጂ ጭንቅላቴ አልተበላሸም።» ቁልፉን መልሰው መዳፌ ላይ ጣሉት። «አስነሳ።»

መጀመሪያ ሸዋ በር አስቆሙኝ። የእሳቸው መስኮት አይወርድም፤ ስለዚህ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን መሬት አድርገው ነው የሚናገሩት። ጎማ የሚለጥፈውን ሰው ጠሩት። «ስለ አው ሙሜ የነገርኩህን ታስታውሳለህ? ውሸት ነው። መኪናዬን ያበላሿት እሳቸው አይደሉም።» ሰውየው «ታዲያ ማነው?» ሲላቸው በሩን ዘጉ። «ንዳ» አሉኝ። ፈረስ መጋላ ጨርቅ ነጋዴው ጋ፣ ከዚያ ሥጋ ቤቱ ጋ። ከዚያ መኪናዋን አቁመን በእግራችን የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ ይዘን ጊደር መጋላ፣ በርበሬ ሻጯ ጋ ወረድን። ሴትየዋ ነገሩን ጨርሳ ረስታዋለች። «የቱ ሙሜ?» አለቻቸው። እትዬ አስካለ ቆመው ዘይት ቀያሪው ሙሜ ማን እንደነበሩ ከሥር ከመሠረቱ አስረዷት። ማነው ያበላሻት ስትላቸው ግን ለእሷም አልመለሱላትም።

ስንመለስ ፈረስ መጋላ ተራ የያዙ የባጃጅ ልጆች ዘንድ ቆሙ። ልጆቹ ያኔ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ክፉውንም አልሰሙም። «ለእነዚህ እንኳ አልነገሯቸውም፣ እትዬ» አልኩ።

«እንግዲያው እነዚህ ከደጉ ይጀምሩ» አሉና ነገሯቸው።

በመጨረሻ ወደ የት እንደምንሄድ ሳይነግሩኝ አውቄዋለሁ። አቦከር ስንደርስ ሦስተኛው ቀን ነበርና ድንኳኑ ከትናንቱ ይብስ ሞልቷል። ሐጂ ዩኒስ ለአዲስ መጪዎች ያንኑ ንግግራቸውን ይዘዋል። «አንዲት መኪና ብቻ» የሚለው ጋ ሲደርሱ እትዬ አስካለ ከድንኳኑ አፍ ቆመው እጃቸውን አነሱ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እዚያች ላይ ይቁሙልኝ። ያቺ መኪና የእኔ ናት። ያበላሿት አው ሙሜ አይደሉም። በድያቸዋለሁ።»

ሐጂ ዩኒስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ማነው?» አሉ።

እትዬ አስካለ ቀኑን ሙሉ ይህን ጥያቄ አልመለሱም ነበር። አሁን ግን ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አብረውኝ ተራ የሚይዙት ሾፌሮች ሁሉ እዚያ ነበሩ። ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዘይቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አው ሙሜ አሽትተው አወቁ፤ ልጄ የወር ልጅ ስለነበረች ቁልፉን እንዳልቀማ ብለው በራሳቸው ላይ አደረጉት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። ሐጂ ዩኒስ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«በአርባ ዓመት ሥራ» አሉ፣ «ወደ ሙሜ የተመለሰች መኪና አንዲትም የለች።»